ውርጭ የሚመጣው በበጋ ነው፣ ለልጆቻችን ክረምት ብላችሁ አትንገሯቸው

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣችሁን ገዝቼ ቤት እገባለሁ፣ እኔ የፊት የፊቱን ሳነብ ልጄ የልጆቹን ገፅ ነጥቃኝ ትሄዳለች፣ ቅዳሜያችን እንዲህ ነው ሚያልፈው። እና ባለፈው ሳምንት የልጆች ገፅ ላይ እንስሳትና ዕፅዋት ክረምትን እንዴት እንደሚያልፉት የሚል ፅሁፍ ወጥቶ ነበር። ድብ ዋሻው ገብቶ ወራት ሙሉ ይተኛል፣ ሽኮኮ ፍሬ እየለቀመ ይደብቃል፣ ዛፎች ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፣ ሁሉም ነገር በበረዶ ይሸፈናል ይላል። ልጄ 8 ዓመቷ ነው፣ አንብባ ስትጨርስ መጣችና "አባ፣ ድቡ ሐምሌ ላይ የሚተኛው ዝናቡን ጠልቶ ነው?" አለችኝ።

ምን ልበላት? ልጅቷ እኮ አልተሳሳተችም። ለሷ ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ ጭቃው፣ የበቆሎ እሸቱ፣ ቡሄው። የተሳሳተው ዊንተርን ክረምት ብሎ የመለሰው ሰው ነው። እስቲ ቁጭ ብለን እንቁጠረው፣ በኛ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፣ በጋ ደሞ ከታህሳስ 26 እስከ መጋቢት 25፣ በአፍ ስናወራ ግን ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያለውን ደረቅ ጊዜ ሁሉ በጋ እንለዋለን። ፈረንጆቹ ዊንተር የሚሉት ወቅት በኛ ቀን ሲመታ ከታህሳስ 12 ገደማ ጀምሮ እስከ መጋቢት 11 ገደማ ነው። ማለትም እነሱ በረዶ ውስጥ ሲገቡ እኛ በጋ እየገባን ነው፣ እኛ ክረምት ላይ ስንሆን እነሱ ባህር ዳርቻ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዊንተርን ክረምት ብሎ መተርጎም ነገሩን ገልብጦ መንገር ነው። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ይሄ ነገር ቀድሞ ገብቷቸዋል፣ ሐምሌ ነሐሴ ላይ ያለውን የተጫዋቾች ዝውውር "የክረምቱ የዝውውር መስኮት" ይሉታል፣ ፈረንጆቹ ሰመር የሚሉትን ማለት ነው፣ ዊንተሩን ደሞ የጥር ዝውውር ብለው ይገላገላሉ። የልጆች ገፅ እና የመማሪያ መፅሐፍ ላይ ለምን እንደዛ እንደማይደረግ አይገባኝም።

ግን ደብዳቤውን ለመፃፍ ያነሳሳኝ ቃሉ ብቻ አይደለም። የኛ ሀገር ብርድ የለውም፣ የኛ እንስሳት ብርድ አያውቁም የሚል ነገር ልጆቻችን ጭንቅላት ውስጥ እየገባ ነው፣ ይሄ ነው ያንገበገበኝ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ተወልጄ ያደኩት ውርጭ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ደሞ ለ15 ዓመት የቱሪስት መኪና ነድቻለሁ፣ ባሌ ሳኔቲ ሜዳ ላይም ሰሜን ተራራም መንዝ ጓሳም ስንት ሌሊት እንዳደርኩ አልቆጥረውም። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ውርጩ። አያቴ ነፍሷን ይማረውና ህዳር ሲገባ ማታ ማታ ወደ ደጅ ወጥታ ሰማዩን ታያለች። ደመና ካለ ዝም ብላ ገብታ ትተኛለች። ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብቱ ከቀረቡ፣ ነፋስም ከሌለ "ዛሬስ ይመታናል" ትላለች፣ ተናግራ ስታ አታውቅም። ጠዋት ስንነሳ የጓሮው ባቄላ እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቀናል፣ ሜዳው በሙሉ አመዳይ ለብሶ ነጭ ነው፣ አፈሩን ስትረግጠው ከሽ ከሽ ይላል። ያኔ እንዴት አወቀች እያልኩ ይገርመኝ ነበር። ነገርዬው እንዲህ ነው፣ መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሰዋለች፣ ደመና ካለ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ መልሶ ያስቀርላታል፣ ደመና ከሌለ ሙቀቱ ሄደ ማለት ነው፣ ነፋስ ከሌለ ደሞ የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ረባዳ ቦታ ላይ እንደ ውሃ ይጠራቀማል። ለዛ ነው ሸለቆው ላይ ያለው እርሻ ተመቶ ዳገቱ ላይ ያለው የሚተርፈው። ለዛም ነው ክረምት ላይ ቀኑ ቢከፋም ሌሊቱ እንደ ጥር የማይሆነው፣ ደመናው አልብሶን ያድራል። ውርጭ የበጋ ልጅ ነው። አባቶቻችንም ሀገሩን ሲከፍሉ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው ከደጋ በላይ ያለውን ውርጭ ብለው ስም ሰጥተውታል፣ ክረምት አላሉትም።

ባቄላው ለምን ሞተ፣ ጓሳው፣ ያ የደጋው ረጅም ሳር፣ ለምን ተረፈ? እቺ ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ከኔ ጋር ናት። አንድ ጠዋት፣ 9 ወይ 10 ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ በግ ይዤ ወጥቼ እጄ ደንዝዞ ጣቶቼ አልታዘዝ ሲሉኝ አንድ ትልቅ የጓሳ እግር ውስጥ እጄን አስገባሁ። ከላይ ያለው ሳር በአመዳይ ነጭ ሆኗል፣ ስትነካው ይሰበራል። ውስጡ ግን ደረቅ ነው፣ ለብ ያለ ነገር አለው፣ ካለፈው ዓመትና ካቻምናው የቀረ ደረቅ ሳር እንደ ጥጥ ተነድፎ ተቀምጧል፣ ከስሩ ደሞ አረንጓዴው ለጋ ቡቃያ ሰላም ብሎ ይታያል። አይጥ ጎጆ ሰርታበት ነበር፣ እጄ ሲገባ ተስፈንጥራ ወጣች። ሌላው ሰው ሞተ የሚለው ያ ደረቅ ሳር ለካ የጓሳው ጋቢ ነው፣ ለአይጧም ቤቷ ነው። እኛም እኮ ያንኑ ሳር አጭደን ቤታችንን እንከድንበታለን፣ ያውም የጓሳ ክዳን ስንት ዓመት እንደሚቆይ የመንዝ ሰው ያውቃል።

ለዛ ነው የጓሳ እሳት ሲነሳ አንጀቴ ሚቃጠለው። በ2011 ዓ.ም ሰሜን ተራራ ላይ እሳት ተነስቶ ስንት ቀን ሲነድ በቴሌቪዥን እያየሁ፣ ሰዉ ሳሩ ተመልሶ ይበቅላል ሲል ይሰማኝ ነበር፣ አዎ ይበቅላል፣ ግን እስኪበቅል ድረስ ለጋው ራቁቱን ነው፣ የሚያለብሰው ነገር ተቃጥሏል፣ አይጧም ቤት የላትም። የመንዝ አባቶች ይሄን ስለሚያውቁ ጓሳን ከ3 እስከ 5 ዓመት እየዘጉ እያሳረፉ ነው ያቆዩት፣ ቄሮ ይባላል ስርዓቱ፣ አስቦና ጌራ ከሚባሉት አቅኚዎች ጀምሮ እየተወረደ የመጣ ነው፣ በ1967 የመሬት አዋጅ ጊዜ ነው የቀረው። ወደ ዋናው ነገር ልመለስ።

እፅዋት ላይ ውርጭ የሚገድለው ውሃው ነው። ቅጠሉ ውስጥ በእያንዳንዷ ትንሽ ሴል ውስጥ ውሃ አለ፣ ያ ውሃ በረዶ ከሆነ ሴሉን ይበጣጥሰዋል፣ ባቄላው ጠዋት የተቀቀለ የሚመስለው ለዛ ነው፣ ፀሐይ ሲነካው ውስጡ ፈርሶ ይፈሳል። ውርጭ የለመዱት ግን ብልሃት አላቸው፣ ውሃውን ከሴሉ አውጥተው በሴልና በሴል መሀል ባለው ክፍተት ላይ ነው በረዶ እንዲሆን ሚያደርጉት፣ ሴሉ ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽ ስኳርና ሌላ ነገር የበዛበት ወፍራም ስለሚሆን ቶሎ በረዶ አይሆንም። የኬንያ ተራራ ላይ የሚበቅሉት የኛ ጅባራ፣ የዛ ረጅም የተራራ ተክል፣ ዘመዶች በየሌሊቱ ቅጠላቸው ላይ በረዶ ይሰራል፣ ፀሐይ ስትወጣ ደሞ ይቀልጣል፣ ምንም አልሆኑም። በየሌሊቱ ነው ያልኩት፣ በዓመት አንዴ አይደለም።

ጅባራን ታውቁታላችሁ፣ ፖስተር ላይ ሁሉ አለ። እኔ ራሴ ስንት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ ትልቅ እሬት ይመስለኝ ነበር። አንዴ ሰሜን ላይ ጨነቅ ካምፕ አድረን፣ ቦታው 3,600 ሜትር አካባቢ ነው፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እንግዳ ሌሊት የራስ ባትሪ አድርገው ከድንኳን ወጡ። ምን ሆኑ ብዬ ተከተልኳቸው። ወደ ጅባራው ሄዱና ባትሪውን አበሩበት። ቀን እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ የነበረው ቅጠል ወደ ላይ ተሰብስቦ እንደ ጎመን ጭንቅላት ተጠቅልሏል! በጣትህ ንካው አሉኝ፣ ውጪውን ነካሁት ደረቅ ያለ ውርጭ ነው፣ ቅጠሉን ትንሽ ገለጥ አድርጌ ጣቴን ወደ ውስጥ ሳስገባ ለስላሳ ነው እርጥብ ነው፣ ምንም አልበረደም። መሀሉ ላይ ያለችው ለጋ ከሞተች ጅባራው አለቀለት፣ ቅርንጫፍ የለውም ሌላ መውጫ የለውም፣ ስለዚ ትልልቆቹ ቅጠሎች ሌሊት ሌሊት አቅፈዋት ያድራሉ ጠዋት ይለቋታል። እናት ልጇን በነጠላ ስትሸፍን ነው የመሰለኝ፣ እውነቴን ነው፣ እንባዬ ነው የመጣው። እንደዛ እያለ በየሌሊቱ እየከደነ በየጠዋቱ እየተከፈተ ብዙ ዓመት ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ያ ረጅሙ አበባ ከሰው ቁመት ሁለት ሶስት እጥፍ ሆኖ ይወጣል፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል።

ትንንሾቹ ችግኞች ግን የባሰ ፈተና ነው ያለባቸው፣ ቅድም እንዳልኩት ብርዱ መሬት ላይ ነው የሚተኛው። በዛ ላይ አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ሌሊት እንደ መርፌ እየሆነ ወደ ላይ ይበቅላል፣ ጠዋት ጎንበስ ብላችሁ ብታዩት የበረዶ መርፌዎች አፈሩን ተሸክመውት ታገኛላችሁ፣ ከሽ ከሽ የሚለው እሱ ነው። ትንሿን ችግኝ ከነስሯ ብድግ ያደርጋታል፣ ሲቀልጥ ስሯ አየር ላይ ይቀራል። ከዛ ሁሉ ያለፈ ነው ጅባራ የሚሆነው። ኬንያ ላይ ያለው አንዱ የጅባራ ዘመድ ደሞ ቅጠሎቹ መሀል ውሃ ያቁራል፣ ሌሊት የውሃው ላይኛው ክፍል በረዶ ይሰራል ከስር ያለው ግን አይበርድም፣ ለጋዋ ውሃው ውስጥ ተቀምጣ ታድራለች።

እዚህ ጋ አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው ወንድሜ ትዝ አለኝ። በፈረንጅ ጥር ቪዲዮ ይልክልኛል፣ ሀይቅ ላይ መኪና አቁመው በረዶውን ቀደው አሳ ሲያጠምዱ። ሾፌር ነኝና ዓይኔ መኪናው ላይ ነበር፣ ግን ጥያቄዬ አሳው ነው፣ እንዴት አልሞተም? ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ሲሆን ነው፣ እሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከሱ የቀዘቀዘው ቀሎ ከላይ ይቀራል፣ በረዶ የሚሰራውም ከላይ ነው፣ አሳው ከስር 4 ዲግሪ ገደማ ላይ ቀስ ብሎ ይኖራል። በረዶው ራሱ ክዳን ሆኖለታል ማለት ነው። ከሁሉ የገረመችኝ ግን አሜሪካና ካናዳ ጫካ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ እንቁራሪት ናት። ብርድ ሲመጣ ቅጠል ስር ትገባና ትበርዳለች፣ በቃ ድንጋይ ትሆናለች፣ ሰውነቷ ውስጥ ካለው ውሃ እስከ ሁለት ሶስተኛው በረዶ ይሆናል፣ ልቧ ይቆማል። ግን ከመብረዷ በፊት ጉበቷ ያጠራቀመውን ወደ ስኳር ቀይሮ ወደ ደሟ ይለቀዋል፣ ስኳሩ ሴሎቿ ውስጥ ገብቶ እንዳይበጣጠሱ ይጠብቃቸዋል። ሳኔቲ ላይ መኪና ያሳደረ ሾፌር ይሄ ቶሎ ይገባዋል፣ ራዲያተርህ ውስጥ ኩላንት ከሌለ ንፁህ ውሃ ብቻ ከሆነ ጠዋት ጉድህ ፈላ፣ ሞተሩ ሊሰነጠቅ ይችላል። እንቁራሪቷ ኩላንቷን ራሷ ትሰራለች። ሲሞቅ ትቀልጣለች፣ ልቧ ይመታል፣ ዘላ ትሄዳለች።

ድቡም የራሱ ጉድ አለው፣ ወራት ሙሉ ሳይበላ ሳይጠጣ ሳይፀዳዳ ይተኛል፣ ልቡ በደቂቃ 10 ጊዜ አካባቢ ድረስ ዝቅ ይላል። ፅሁፋችሁ ውሸት ነው አላልኩም፣ ድቡ እውነት ነው። ጥያቄው የኛዎቹ ለምን አይተኙም ነው፣ ይሄ ደሞ ልጆች ሊያውቁት የሚገባ ነገር ነው። ሚኒሶታ ብርዱ ከመጣ ወራት አይለቅም፣ መሬቱ ይዘጋል ምግብ የለም፣ ስለዚ ወይ ትተኛለህ ወይ ቀድመህ ታከማቻለህ ወይ ጥለህ ትሄዳለህ። የኛ ተራራ ላይ ግን ብርዱ አንድ ሌሊት ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ እንደ ምድጃ ናት፣ እኩለ ቀን ላይ ጃኬትህን አውልቀህ ትሄዳለህ፣ ማታ ደሞ እንደገና ከዜሮ በታች። ሳኔቲ ላይ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የወረደበት ሌሊት ተመዝግቧል። ሄድበርግ የሚባል ስዊድናዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1964 እ.ኤ.አ. የምስራቅ አፍሪካን ከፍተኛ ተራሮች ሲገልፅ በየቀኑ ሰመር በየሌሊቱ ዊንተር ብሎታል፣ ይሄንን በየቀኑ በጋ በየሌሊቱ ክረምት ብዬ ብተረጉመው ሌሊት ሌሊት ዝናብ ይጥላል ነው የሚመስለው፣ በየቀኑ ሙቀት በየሌሊቱ ቁር ነው በኛ። እና ለ12 ሰዓት ቁር ማን ስድስት ወር ይተኛል? የኛዎቹ ብልሃት ሌሊቱን ማለፍ ነው፣ መከደን፣ መጠቅለል፣ መተቃቀፍ፣ ጠዋት ፀሐይ መሞቅ።

ሳኔቲ ላይ ይሄ ነገር በሰዓት ነው የሚሄደው። ጎባ አድረን በሌሊት እንነሳና ገና ሳይነጋ ሜዳው ላይ እንወጣለን፣ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው የሚያልፈው፣ የቱሉ ዲምቱ ተራራም 4,377 ሜትር ላይ ይታያል። ሲነጋ ምንም የለም፣ ባዶ ነው፣ እንግዶቹ ቀበሮው የታለ ይሉሃል፣ ቆዩ እላቸዋለሁ ፀሐይዋ ትሙቅ። ፍልፈሉ ገና ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ይሄ ፍልፈል ባሌ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ትልቅ ነው፣ ኪሎ ገደማ የሚመዝን አለ። ከመሬት በታች ያለው ሙቀት እንደ ላዩ አይዋዥቅም፣ ሳር ጎዝጉዞ አፉን በአፈር ደፍኖ ያድራል። ሲሞቅ አፈሩን ገፍቶ ጭንቅላቱን ብቅ ያደርጋል፣ ዙሪያውን ያለውን ሳር እየነጨ ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ በቀን ውስጥ ላይ የሚቆየው በጣም አጭር ሰዓት ነው። አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አጠገቡ ቆማ ቆፍሮ ካወጣው ትለቅማለች፣ አደጋ ስታይ ትጮሃለች ፍልፈሉም ይሰማታል።

ፍልፈሉና አይጦቹ ቀን ስለሚወጡ ቀይ ቀበሮውም የቀን አዳኝ ነው። ሌላ ቦታ ያሉ ቀበሮዎች አብዛኞቹ ሌሊት ናቸው የሚያድኑት፣ የኛ ግን ሰዓቱን በፀሐይ አስተካክሏል። ሌሊት ዋሻ አይገባም፣ ጉድጓድ የሚኖረው ለቡችሎቹ ነው፣ ትልልቆቹ ሜዳ ላይ ነው የሚያድሩት። አንድ ጥር ላይ ቀድመን ደርሰን ከመንገዱ ዳር 30 ሜትር በማይሞላ ቦታ አራቱን አገኘናቸው። ክብ ብለው ተጠቅልለዋል፣ አፍንጫቸውን ጭራቸው ስር ከተዋል፣ ጀርባቸው ላይ አመዳይ ተኝቷል። አመዳዩ አልቀለጠም! ይሄ ምን ማለት ነው፣ ከስር ያለው ወፍራም ፀጉር የሰውነታቸውን ሙቀት ወደ ውጪ አላስወጣም ማለት ነው፣ ቆዳቸው ጋ ሞቃት ነው ላያቸው ጋ ውርጭ ነው። ሞተሩን አጥፍቼ ዝም ብለን አየናቸው። ፀሐይዋ ስትነካቸው አንዱ ተነሳ፣ ተንጠራራ፣ ራገፍ አደረገው፣ ከላዩ ላይ አመዳዩ እንደ ዱቄት ቦነነ። ዓለም ላይ ያሉት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ እዛው ባሌ ነው።

ጭላዳ ደሞ የኔ ሀገር ሰው ነው ማለት ይቻላል። ጓሳም ሰሜንም ማታ ማታ ገደሉን ወርዶ ጫፍ ጫፉ ላይ ተጠጋግቶ ያድራል፣ ነብርም አይደርስበትም። ግልገሎቹ እናታቸው ደረት ውስጥ ናቸው። ጠዋት ገደሉን ወጥተው ወዲያው ሳር መንጨት አይጀምሩም፣ መጀመሪያ ቁጭ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መልሰው፣ ልክ የመንዝ ሽማግሌ ባናውን ደርቦ ደጅ ላይ እንደሚቀመጠው። ወንዱ ያ ካባው አለው። ካባ ካልኩ ባና ራሱ ከየት መጣ፣ ከመንዝ በግ ነው፣ የመንዝ በግ ከቆላ በግ የሚለየው ፀጉሩ ነው፣ ያንን ፀጉር ሸልተን ፈትለን ባና ሰርተን ነው እኛ ያደግነው። በጉ የበረደውን ሀገር የተቋቋመበትን ነገር ተውሰነው እኛም ተቋቋምንበት። ሌሊት ደሞ በጎቹ እዛው ቤት ውስጥ ናቸው፣ ትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቀዋል፣ አዲስ የተወለደ ግልገል ካለ አያቴ ምድጃው ዳር እቅፏ ውስጥ ነበር የምታሳድረው።

ወፎቹን ሳልናገር አልጨርስም። ክንፈ ሰማያዊው ዝይ የኛው ብቻ ነው፣ ላባው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ደጋ ላይ ውሃ ዳር ያለ ስጋት ያድራል። ከአውሮፓ የሚሸሹት ደሞ እኛ ጋ ነው የሚመጡት፣ ሽመላው፣ ከብት ስር ስር የምትሮጠው ቢጫ ደረቷ ወፍ፣ አዲስ አበባ ዳር ዳር ራሱ ከመስከረም በኋላ በየሜዳው ታዩዋቸዋላችሁ፣ መጋቢት ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። እነሱ ከዊንተር ሸሽተው በጋ ላይ ነው የመጡት፣ እና ለልጄ የነሱን ነገር ስነግራት ቶሎ ገባት፣ "ታድያ ድቡ ለምን አይመጣም" አለችኝ፣ ክንፍ የለውማ አልኳት።

እናም የምለምናችሁ ይሄ ነው። ዊንተርን ክረምት አትበሉት፣ የብርድ ወራት በሉት፣ የበረዶ ወቅት በሉት፣ ካልሆነ ዊንተር ብላችሁ ፃፉት፣ ልጆቹ ይገባቸዋል። የልጆች ገፅ ላይ ድቡን ካወጣችሁ አጠገቡ ጅባራውን አውጡት፣ ቀን ተዘርግቶ ሌሊት ተጠቅልሎ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ብታደርጉ ሌላ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ፎቶ አንሺ ከላካችሁ ህዳር መጨረሻ ወይ ጥር ላይ ይሁን፣ ሰማዩ ጥርት ያለበት ሌሊት ይምረጥ፣ ጨነቅ ወይ ሳኔቲ ላይ ይደር፣ ጠዋት ከ12 ሰዓት በፊት ይነሳ፣ ፀሐይ ከወጣች ግማሽ ሰዓት ካለፈ አመዳዩ የለም ጅባራውም ተከፍቷል። ቀበሮዎቹ ጋ መኪና እንዳያስጠጋ፣ ሞተር ያጥፋ። መንገዱን ለማሳየት እኔ አለሁ፣ ክፍያ አልፈልግም።

ልጄን ለጊዜው ድቡ ሐምሌ ላይ ነቅቶ ነው ያለው ብያታለሁ። ሌላውን ከናንተው ገፅ ላይ ስታነበው ደስ ይላታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የመንዝ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ